በአካል ጉዳተኝነት ላይ ጥናትና የመብት ጥብቅና የሚያካሂዱ ተቋማት፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው አካል ጉዳተኞች፣ ቤተሰቦቻቸውና አሳዳጊዎቻቸው እንዲሁም በዘርፉ ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች የሚፈልጉትን ድጋፍ ከየትኛው ተቋም ማግኘት እንደሚችሉ ለማሳወቅ ነው። ተገልጋዮች ብዙ ጊዜ የሚጉላሉት የሚረዳ አካል በመጥፋቱ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ጉዳይ ለማን እንደሚቀርብ ባለመታወቁም ጭምር ነው። በሥራ ቅጥር አድልዎ የተፈጸመበት ሰው የሚያመለክትበት ቦታ፣ ልጇን ትምህርት ቤት አልቀበልም ካላት እናት የተለየ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ማኅበራት፣ የጥናት ተቋማትና አቤቱታ ሰሚ አካላት በአንድነት የቀረቡት ሥራቸው የተያያዘ በመሆኑ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ያቀረበው አቤቱታ ለዚያ ሰው መፍትሔ ሊያስገኝ ይችላል። ተመሳሳይ አቤቱታዎች በማኅበር ተሰባስበው በጥናት ሲደገፉ ግን ለብዙዎች የሚተርፍ የአሠራር ለውጥ ያመጣሉ።

1. የሕግ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃዋለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ስለዚህ አንድ አመልካች ስምምነቱን ሲጠቅስ የውጭ ሰነድ ሳይሆን የአገሩን ሕግ እየጠቀሰ ነው።

ከስምምነቱ ድንጋጌዎች ውስጥ ሦስቱ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ። አንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥታት ሕግና ፖሊሲ ሲያወጡ አካል ጉዳተኞችን በወካይ ድርጅቶቻቸው አማካይነት በቅርብ እንዲያማክሩ ያዛል። አንቀጽ 31 ስታቲስቲክስና የጥናት መረጃ እንዲሰበሰብ ያስገድዳል። አንቀጽ 33 ደግሞ አካል ጉዳተኞችና ወካይ ድርጅቶቻቸው በስምምነቱ አፈጻጸም ክትትል ሙሉ ተሳታፊ እንዲሆኑ ይጠይቃል።

2. የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት

በዘርፉ ሁለት ዓይነት ድርጅቶች አሉ። የመጀመሪያዎቹ በራሳቸው በአካል ጉዳተኞች ወይም በወላጆቻቸው የተመሠረቱና የሚመሩ ማኅበራት ሲሆኑ፣ አባሎቻቸውን ወክለው ይናገራሉ። ሁለተኛዎቹ ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ናቸው። ውክልና የሚያስፈልገው ጉዳይ ያለው ሰው ወደ መጀመሪያዎቹ፣ ሕክምና፣ ተሐድሶ ወይም ሥልጠና የሚፈልግ ደግሞ ወደ ሁለተኛዎቹ ቢሄድ ጊዜውን ይቆጥባል።

ማኅበራቱን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ነው። በዘርፉ ከሚታወቁት ማኅበራት መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል፦

• የኢትዮጵያ ዓይነ ሥውራን ብሔራዊ ማኅበር፤
• የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር፤
• ማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር፤
• የአካል እንቅስቃሴ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር፤
• የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ብሔራዊ ማኅበር፤
• የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ብሔራዊ ማኅበር፤
• የኢትዮጵያ ሴት አካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ማኅበር።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ ልጆቻቸው ራሳቸው ማመልከት ባይችሉም በማኅበሩ በኩል ድምፃቸውን ማሰማት ይችላሉ። በሴትነታቸውም በአካል ጉዳተኝነታቸውም ተደራራቢ በደል የሚደርስባቸው ሴቶች ደግሞ የሴት አካል ጉዳተኞች ማኅበርን ቢያነጋግሩ ችግራቸውን በቅርብ የሚያውቅ ተቋም ያገኛሉ።

3. አገልግሎት ሰጪና አማካሪ ድርጅቶች

ቼሻየር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የአካል እንቅስቃሴ ጉዳት ላለባቸው ልጆችና ወጣቶች የተሐድሶ አገልግሎት ሲሰጥ የቆየ ድርጅት ነው። በኒያ ፋውንዴሽን ሥር የሚገኘው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተ ሲሆን፣ ስለ ኦቲዝም በአገራችን ብዙም በማይነገርበት ጊዜ ሥራውን የጀመረ ተቋም ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚሁ ዘርፍ ይሠራል።

የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከል አካል ጉዳተኞች በልማት ፕሮግራሞች፣ በሥራና በሥልጠና እንዲካተቱ የሚሠራ ድርጅት ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በሰብአዊ መብት ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ሥራውን ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ለማድረግ የሚፈልግ ቀጣሪም ከእንዲህ ያለ ድርጅት ምክር መጠየቅ ይችላል።

4. ጥናትና መረጃ

በበጀትና በዕቅድ ውስጥ የሚታየው የተቆጠረ ሰው ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ሆነው የተመዘገቡት ከአገሪቱ ሕዝብ ከ1 በመቶ ጥቂት ከፍ የሚሉ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ግን ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ፣ ይኸውም 1 ነጥብ 3 ቢሊዮን የሚሆን ሰው፣ ከፍተኛ የአካል ጉዳት ያለበት መሆኑን ገምቷል።

እንዲህ ላለው የሰፋ ልዩነት አንዱ ምክንያት የጥያቄው አቀራረብ ነው። «በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ቤተሰብ በይሉኝታ ወይም መገለልን በመፍራት «የለም» ይላል። ከተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ጋር በተያያዘ የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ግን ጉዳት የሚለውን ቃል ሳያነሣ በስድስት ተግባራት ላይ ይጠይቃል፤ እነዚህም ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስና ሐሳብን ማሰባሰብ፣ ራስን መንከባከብ እንዲሁም ከሌሎች ጋር መግባባት ናቸው። መልሱም «አልቸገርም»፣ «በመጠኑ እቸገራለሁ»፣ «በጣም እቸገራለሁ» ወይም «ጨርሶ አልችልም» የሚል ነው። በዘርፉ ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች ይህን መለኪያ ቢጠቀሙ ውጤታቸውን ከሌሎች ጥናቶች ጋር ማነጻጸር ይችላሉ። ቤተሰቦችም መረጃ ሰብሳቢ ሲመጣ አካል ጉዳተኛ ልጃቸውን ሳይሸሽጉ ቢያስመዘግቡ ለልጁ የሚገባው ትምህርት ቤት፣ መምህርና መርጃ መሣሪያ በዕቅድ እንዲያዝ ያግዛሉ።

ብሔራዊ የቆጠራና የናሙና ጥናት መረጃ የሚገኘው ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ስለ ትምህርት ተደራሽነት ሰፊ ማስረጃ ይዘዋል። ይኸው ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል።

ለዓይነ ሥውራን ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ሌላ ጠቃሚ መሣሪያ የማራኬሽ ስምምነት ነው። ስምምነቱ የታተሙ ሥራዎች፣ ማንበብ ለተሳናቸው ሰዎች ጥቅም ሲባል፣ የቅጂ መብት ባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልግ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሌላ ተደራሽ ቅርፅ እንዲዘጋጁና ከአገር አገር እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል ሆናለች።

5. መብት ሲጣስ የት ማመልከት ይቻላል?

ሀ. በሥራና በቅጥር ላይ፦ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 በምልመላ፣ በምደባ፣ በዝውውርና በደረጃ ዕድገት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው ተስማሚ የማድረግ ግዴታም አለበት። በአዋጁ መሠረት አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ማቅረብ ይችላል። ክሱንም ባለጉዳዩ ብቻ ሳይሆን የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ወይም አባል የሆነበት የሠራተኛ ማኅበር ሊያቀርብለት ይችላል። ይህ ድንጋጌ ብቻውን ፍርድ ቤት ለመቆም አቅም ለሌለው ሰው ትልቅ ዋስትና ነው።

ለ. በሰብአዊ መብት ጥሰት ላይ፦ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን መብት የሚከታተል የሥራ ዘርፍ አለው። አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል። በቃልም ሆነ በጽሑፍ፣ በተበዳዩ፣ በቤተሰቡ፣ በወኪሉ ወይም በሦስተኛ ወገን ሊቀርብ ይችላል። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይን ግን ኮሚሽኑ አይመረምርም።

ሐ. በመንግሥት መሥሪያ ቤት አስተዳደራዊ በደል ላይ፦ የኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል። ቅሬታውን አስቀድሞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማቅረብና ምላሹን መያዝ ጉዳዩን ያፋጥናል።

መ. ለሕግ ምክር፦ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ክፍያ ለማይችሉ ሰዎች ያግዛሉ። ሴቶች ከኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ።

6. ማኅበር መመሥረትና የጥብቅና ሥራ

ቀድሞ በሥራ ላይ የነበረው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠሩ ገድቦ ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ድርጅቶች ሥራቸውን በአገልግሎት አቅርቦት ብቻ ለመወሰን ተገደው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ገደብ አንሥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት አምስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት ማኅበር መመሥረት የሚችሉ ሲሆን፣ ምዝገባው የሚከናወነው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው።

ማኅበራት የሚያሰባስቡት ማስረጃ ከአገር ውጭም ተሰሚነት አለው። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው የ18 ባለሙያዎች ኮሚቴ በጄኔቫ ተሰብስቦ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2016 መርምሯል። ኮሚቴው ከመንግሥት ሪፖርት ጎን ለጎን ከማኅበራት የሚቀርብለትን አማራጭ ሪፖርትም ይመለከታል። በወረዳ የተመዘገበ አንድ አቤቱታ ለእንዲህ ያለው ሪፖርት ግብዓት ሊሆን ይችላል።

7. ወደ ተቋማቱ ከመሄድ በፊት

ተገልጋዮች የሚከተሉትን አዘጋጅተው ቢሄዱ ምልልስ ይቀንሳል፦

• መታወቂያና፣ ካለ፣ የሕክምና ማስረጃ፤
• የደረሰውን ችግር፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የኃላፊውን የሥራ ድርሻ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ፤
• የቀረቡ ማመልከቻዎችና የተሰጡ ምላሾች ቅጂ፤
• ምላሹ በቃል ብቻ ከተሰጠ የሰጠው ክፍልና ቀኑ፤
• የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይም ረዳት የሚያስፈልግ ከሆነ ተቋሙ እንዲዘጋጅ አስቀድሞ የማሳወቅ መልእክት።

ማስረጃ አልተሟላም በሚል ምክንያት ማመልከት ማዘግየት አይገባም። ማንኛውም ተገልጋይ በቅድሚያ በሚኖርበት ወረዳ የሴቶችና የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትን ሊያነጋግር ይችላል። ጉዳዩ በወረዳው የማይፈታ ከሆነ ወደሚመለከተው አካል እንዲመራለትና ይህም በጽሑፍ እንዲሰጠው ሊጠይቅ ይገባል።