ፍግ በል ጓሮ

ከጎንደር ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኮሶዬ፣ አንዲት እናት የሥልጠና ወረቀት አሳዩኝ። ርእሱ «ኦርጋኒካዊ የቤት ውስጥ አትክልት ልማት» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ቤት ውስጥ? ልጄ፣ ጎመን በጭስ ይበቅላል እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የእሳቸው ጎመን ያለው ከቤቱ ጀርባ፣ በእሾህ አጥር ውስጥ ነው። ያ ቦታ ጓሮ ይባላል። አያቶቻችን ስም ያወጡለትን ቦታ ባዕድ አድርጎ መልሶ ለባለቤቱ ማስተማር ያናድዳል። በኮሶዬ ስም የሚጠራው የልማት ፕሮግራም ለመንደሩ ቤተሰቦች ያስተዋወቀውም የጓሮ አትክልት ነበር። ስለዚህ በዚህኛው ቃል ላይ ክርክር የለኝም፤ ጓሮ ጓሮ ነው።

የሚያስቸግረው «ኦርጋኒክ» ነው። ቃሉ የተነሣው ከግሪክ «ኦርጋኖን» ነው፤ መሣሪያ ማለት ነው። ውሎ አድሮ የሰውነት ብልት፣ ቀጥሎም ሕይወት ያለው አካል ማለት ሆነ። እንግሊዛዊው ሎርድ ኖርዝቦርን በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉን ከእርሻ ጋር ሲያገናኘው፣ ማሳውንና ባለማሳውን፣ ከብቱንና አፈሩን እንደ አንድ ሕያው አካል ቆጥሮ ነበር። ይህ አካል በጆንያ ተጭኖ በሚመጣ ማዳበሪያ ሳይሆን ከገዛ ግቢው በሚወጣው ነገር ይኖራል።

ታዲያ ምን እንበለው? «ኦርጋኒካዊ» ቆብ ላይ ቆብ ነው፤ ቅጽል ለሆነ ቃል ሌላ የቅጽል ምዕላድ መቀጠል ነው። «አካላዊ» ወደ ሥሩ ቀረብ ይላል፤ ግን ሰሚውን የሚወስደው ወደ አካላዊ ብቃትና ወደ አካላዊ ቅጣት ነው። «ተፈጥሯዊ» ያምራል፤ ሆኖም የደጋውን ድንች የሚያደርቀው ውርጭም ተፈጥሯዊ ነው። «ከኬሚካል ነፃ» ደግሞ የሌለውን ነገር ብቻ ይነግረናል። ሰውን «ከወባ ነፃ» ብሎ እንደ መጥራት ነው፤ ማን እንደሆነ ግን አልተባለም። ለኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 488 ወጥቷል። ለሕጉና ለቡና ላኪው የምስክር ወረቀት የውጭው ቃል እንዳለ ቢቆይ አልከራከርም። ለጓሮ ግን ቋንቋችን አያንስም።

የኔ ምርጫ «ፍግ በል» ነው። ሣር በል፣ ሥጋ በል እንላለን፤ ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል። ሣር በል ስንል ሥጋ እንደማይበላ ሳንጨምር ይገባናል። ፍግ በል ጓሮም የጆንያ ማዳበሪያ እንደማይበላ እንዲሁ ይገባል። ከዚህም በላይ፣ የሚበላ ነገር ሕያው ነው። ኖርዝቦርን በአንድ መጽሐፍ ያብራራውን «በል» በሁለት ፊደል ይዞታል።

ፍግ ቃሉ ያስጸይፋል የሚሉኝ ይኖራሉ። የከብት ጋጣ ጠርጎ የማያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር አያስጸይፍም። እበቱ፣ ሽንት የጠጣው ገለባ፣ የምድጃው አመድ፣ የቤቱ ጥራጊ አንድ ላይ ተከምሮ ከርሞ ጥቁር አፈር ሲሆን ሽታው የእርጥብ ጫካ ነው። ገበሬው ያን ጊዜ «በሰለ» ይላል። ጥሬው ከተደፋ ሥር ያቃጥላል፤ የበሰለው ያጠግባል። «በሰለ»፣ «ያጠግባል»፤ የምግብ ቋንቋ ቀድሞ እዚያው ነበር፤ እኔ የጨመርኩት «በል»ን ብቻ ነው።

የተባይ ጉዳይ በስሙ ውስጥ እንደማይገባ አልክድም። ክሽክሽን አመድ በመነስነስ መከላከል፣ ጎመኑንና ድንቹን በየዓመቱ ቦታ ማለዋወጥ የአያያዝ ነገር ነው፤ አንድ ስም ሁሉን አይሸከምም። የሚሸከመው ግን ከባድ ነው። በደጋው እንጨት ስለሚቸግር እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ኩበቱ በነደደ ቁጥር ጓሮው ጾሙን ያድራል። «የኦርጋኒክ ግብዓት እጥረት» ከሚለው የወረቀት ቋንቋ ይልቅ ይህን የሚሰማ ሰው ከምድጃውና ከጓሮው ማንን እንደሚያስቀድም ያስባል።

ለእኒያ እናት «የእርስዎ ጓሮ ፍግ በል ነው» አልኳቸው። ቃሉን አላስደገሙኝም። በአጥሩ ጥግ ቅጠሉ ቢጫ ወደሆነው መደብ በጣታቸው አመለከቱኝ።

«ያኛው ዘንድሮ አልበላም» አሉ።