የተረፈችው ቃል የት ትግባ?

ባለፈው ሴሚስተር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ የፈተና ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። በ«ለ» ተራ የታሪክ ተማሪዎች የሚፈተኑበት አዳራሽ ተጽፏል። መስመሩ አልበቃ ስላለ ግን የአዳራሹ ስም፣ «ሐ» የምትለዋ ፊደል፣ ወደ ታች ወርዳ ከ«ሀ» እና ከ«ለ» ሥር እኩል ቆመች። ከሞጆ በጠዋት ተሳፍሮ የመጣ ጓደኛችን ሦስተኛ ተራ መሰለችው። አዳራሹ አልተጻፈም ብሎ ሕንፃ ለሕንፃ ሲዞር የፈተናው ግማሽ ሰዓት አለፈው። «አስተውሎ ቢያነብ ኖሮ» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጥፋቱ የገጹ ነው ባይ ነኝ።

ደግሞም ችግሩ አዲስ አይደለም። መስመር ሲሞላ ትርፉ የት ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ የኛ ጸሐፊዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ተጋፍጠውታል። የብራና ዳዊት የገለጠ ሰው መልሱን አይቶታል። ሌላው የብራና መጽሐፍ በብዛት በሁለት ዐምድ፣ ትልልቁም በሦስት ይጻፋል። እዚያ ቃሉ መሐል ላይ ቢቆረጥም ግድ የለም፤ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለሆነ የቀረው ፊደል ያለ አንዳች ጭረት በሚቀጥለው መስመር ይቀጥላል። ዳዊት ላይ ግን ይህ ነጻነት የለም። ገጹ አንድ ሰፊ ዐምድ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መስመር አለው። በዛሬ አነጋገር ዳዊት ዝርዝር ነው ማለት እንችላለን። በዚያው ጥራዝ መጨረሻ ላይ ያለው ውዳሴ ማርያም እንኳ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ዐምድ ይመለሳል።

ታዲያ ቤቱ ከመስመሩ ሲረዝምስ? ጸሐፊው ትርፉን ወደ ግራ መልሶ አዲስ መስመር አያስጀምረውም። በቀኝ በኩል፣ ከጫፉ በላይ ወይም በታች ባለችው ክፍት ቦታ ያስገባታል፤ አንዳንዱም በትንሽ ጭረት ይከልላታል። ግራው ጠርዝ ለቤት መነሻ ብቻ የተጠበቀ ነው። ይህ ለጌጥ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ዳዊት እኮ የንባብ መማሪያ ነበር። ፊደል የለየ ልጅ የኔታ ፊት ተቀምጦ የሚደግመው እሱን ነው፤ የመስመሩ መነሻ የትንፋሹም መነሻ ነው። ትርፏ ቃል ግራ ጠርዝ ላይ ብትቆም ልጁ እንደ አዲስ ቤት ይጀምራታል፣ ልክ እንደኛው ጓደኛ።

ብራናውም በዘፈቀደ አይጻፍበትም። ዳርና ዳሩ በወስፌ ይበሳል፤ ቀዳዳውን ተከትሎ ያለ ቀለም መስመር ይጫራል። ከኛም ብዙ ሳይርቅ፣ በመቂ በኩል አልፈን ባቱ (ዝዋይ) ስንደርስ፣ ሐይቁ ላይ የቱሉ ጉዶ ደሴት አለ። እዚያ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም ጥንታውያን ብራናዎች አሉት፤ በትውፊት በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ወደዚያ መጡ ይባላል።

ኅትመት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍም ያው ዳዊት ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አሳተመው። ብርዕ ወደ ላይም ወደ ታችም ብቅ ማለት ይችላል። የእርሳስ ፊደል ግን በተርታ ተጠባብቆ የሚቆም ነገር ስለሆነ ለትርፍ ቃል ብሎ ከሰልፍ መውጣት ይቸግረዋል። እኛም አገር ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ በተለይ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲጀመር፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን በጠባብ ዐምድ ቆሙ። የሕጉ ዝርዝር «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» እያለ በእያንዳንዱ ዐምድ ይወርዳል፤ ዐምዱ ጠባብ ስለሆነ ትርፍ የሌለው ተራ ጥቂት ነው። መገለተ ኦሮሚያ ደግሞ ኦሮምኛን፣ አማርኛንና እንግሊዝኛን በሦስት ዐምድ ያቆማል። በቁቤ አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ፣ ሲረዝምም ስለሚደገም፣ አማርኛው በሁለት መስመር የጨረሰውን ኦሮምኛው አራት ሊፈጅበት ይችላል። አንቀጾቹ ፊት ለፊት እንዲገናኙ ከተፈለገ አማርኛው ሥር ባዶ ቦታ መተው ግድ ነው። ባዶዋ ቦታ ብክነት የምትመስለው ካለ ተሳስቷል፤ የሦስት ቋንቋ አንባቢ አንድ ሕግ ላይ የሚገናኘው በሷ ነው።

በታይፕ ዘመን ሥራው ሁሉ የጸሐፊዋ ጣት ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን መስመር ገባ ለማድረግ በየመስመሩ ታብ መምታት ወይም ባዶ ቦታ መቁጠር ነበረባት፤ ስቴንስል ላይ ከተሳተች ማረሚያ ቀብታ፣ እስኪደርቅ ጠብቃ እንደገና ትመታለች። አሁን ኮምፒዩተሩ ጠርዙን አንዴ ከነገሩት ትርፉን ራሱ ገባ አድርጎ ያቆመዋል። ችግሩ ብዙዎቻችን አንነግረውም። እንደ ታይፕ ባዶ ቦታ እየመታን እንደረድራለን፤ የፊደሉ መጠን ትንሽ ሲለወጥ ሰልፉ ይፈርሳል።

ያቺ የፈተና ማስታወቂያም እንዲሁ በባዶ ቦታ የተደረደረች ነበረች፤ ፋይሉን ያየ ልጅ ነግሮኛል።