ሰፋፊ እርሻዎችና ማዕዳችን፦ የጋምቤላ ተሞክሮ

ኢንዱስትሪያዊ ግብርና ሲባል አንድን ሰብል በሺዎች ሄክታር ላይ በማሽንና በኬሚካል አምርቶ ለሩቅ ገበያ ማቅረብ ማለት ነው። በሀገራችን ጉዳዩ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ጋምቤላ ነው።

የክልሉ ሕዝብ የቀድሞ ምግብ ድሃ አልነበረም። አኙዋዎች የባሮ፣ የጊሎና የአልዌሮ ወንዞች ሙላት ሲጎድል በዳርቻው በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከጫካው ፍራፍሬ፣ ሥራሥርና ማር ይለቅማሉ። ኑዌሮች ደግሞ ከማሽላው ጋር የከብቶቻቸውን ወተት ይመገባሉ። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይደርሳል።

እ.ኤ.አ በ2007 እና 2008 የዓለም የምግብ ዋጋ ሲንር ባለሀብቶች ወደ አፍሪካ መሬት ፊታቸውን አዞሩ። የሕንዱ ካሩቱሪ በ2010 በተፈረመ ውል 100,000 ሄክታር በዓመት ለሄክታር 20 ብር ተከራየ። ዕቅዱ በቆሎ፣ ሩዝ፣ የዘይት ዘንባባና ሸንኮራ አገዳ ነበር። በ2011 የባሮ ጎርፍ በቆሎውን አጠፋበት፤ በ2015 መጨረሻ ውሉ ተሰረዘ። የአካባቢው ሰው ግን ሙላቱን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል! የሼህ ሙሐመድ ሑሴን አል-አሙዲ ሳዑዲ ስታር ደግሞ በአቦቦ ወረዳ 10,000 ሄክታር ይዞ በአልዌሮ ግድብ ውሃ ሩዝ ማልማት ጀመረ።

በዚያው ጊዜ መንግሥት በመንደር የማሰባሰብ ፕሮግራም ያካሂድ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥር 2012 ባወጣው ሪፖርት ሰዎች በግዴታ እንደተነሱና ለረሃብ እንደተጋለጡ ገለጸ፤ መንግሥት በፈቃደኝነት የተካሄደ ነው ሲል አስተባበለ። የቱም ሆነ የቱ፣ ከወንዝና ከጫካ የራቀ ቤተሰብ ምግቡን ከሱቅ መግዛቱ አይቀርም።

የሱቁ ምግብ ታዲያ ምንድን ነው? በዓለም ዙሪያ ሰፋፊ እርሻዎች አርክሰው የሚያቀርቡት ፓልም ዘይት፣ ስኳር፣ ነጭ ዱቄትና የተፈተገ ሩዝ ነው። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የልብ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት የሚረጋ ስብ ነው። ሩዝ ሲፈተግ ገለባው ብቻ ሳይሆን አሰሩና አብዛኛው ቫይታሚን ቢ1 አብሮ ይሄዳል። ሆድ ይሞላል፤ ስኳር በሽታና ደም ግፊት ግን ይከተላሉ። የረመዷን ኢፍጣራችንን ብቻ እንመልከት፦ በፓልም ዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ስኳር የበዛበት ጭማቂ፣ ነጭ ሩዝ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 168 የሰውን ልጅ ሁሉ ሲያዝ ሐላልን ብቻ ሳይሆን ጦይብን፣ ማለትም መልካምና ንጹሕ የሆነውንም፣ ጠቅሷል። በዕቃው ላይ ያለው የሐላል ማኅተም የአሳማ ስብና አልኮል አለመኖሩን ይነግረናል፤ ስለ ስኳሩ መጠን ግን ዝም ይላል። ያንን በጀርባው ካለው ጽሑፍ ማንበብ የገዢው ድርሻ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊሞች ውሃን፣ ግጦሽንና እሳትን እንደሚጋሩ ማስተማራቸውም በአቡ ዳውድ ተዘግቧል፤ የአልዌሮን ውሃ የሩዝ እርሻውም ዓሣ አጥማጁም ይፈልጉታል።