የአባ ሳሙኤል ሦስት ሰከንድ

የአቃቂ የኤሌክትሪክ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ቀዳሚነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለአዲስ አበባ አነስተኛ ፋብሪካዎች ኃይል እንዲሰጥ በአቃቂ ወንዝ ላይ የውኃ ማመንጫ ተሠራ። በ1930ዎቹ ደግሞ ትልቁና ትንሹ አቃቂ በሚገናኙበት ስፍራ አባ ሳሙኤል የተባለው ማመንጫ ተከተለ። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ በሺህ ሜጋ ዋት መቁጠር ለለመደ የዛሬ አንባቢ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። እኔ ግን ይህ ቁጥር ከሚታሰበው በላይ የሚነግረን ነገር አለ ባይ ነኝ።

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ በሳንዲያ ቤተ ሙከራ፣ «ዚ» የሚባል መሣሪያ አለ። ለአንድ ሙከራ የሚያጠራቅመው ጉልበት 20 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ አባ ሳሙኤል በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ይህን በሦስት ሰከንድ ያመነጫል። ልዩነቱ አለቃቀቁ ላይ ነው። ጀርመናዊው ኤርዊን ማርክስ በ1920ዎቹ ባሳየው ዘዴ ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ተያይዘው ቀስ ብለው ይሞላሉ፤ ሲለቀቁ ግን በተርታ ይያያዙና ቮልቴጃቸው ይደመራል። ዚ ላይ እንዲህ ያሉ 36 የካፓሲተር ስብስቦች በአንድነት ይተኮሳሉ፤ 26 ሚሊዮን አምፔር የሚደርስ ጅረት ከሰከንድ አንድ አሥር ሚሊዮንኛ በሚያህል ጊዜ ውስጥ ይወርዳል። ጅረቱ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ ግፊት ስስ የአሉሚኒየም ሰሌዳ በሰከንድ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፋል፤ ከአቃቂ ተነስቶ ፒያሳ ለመድረስ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም ማለት ነው። ሰሌዳው ከሚጠናው ናሙና ጋር ሲላተም በፕላኔቶች ሆድ ውስጥ ያለውን ዓይነት፣ በሚሊዮን ከባቢ አየር የሚቆጠር ግፊት ይፈጠራል፤ ብረት ወይም አልማዝ በዚያ ግፊት ምን እንደሚሆን የሚጠናውም ያኔ ነው።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። በዚ ልክ ከሆነ እውነቱን ነው። ነገር ግን በ1980ዎቹ ሲንግ ሊ የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ በኳላ ላምፑር አንድ ባለ 3 ኪሎ ጁል መሣሪያ አዘጋጅተው፣ ከናይጄሪያ፣ ከሴራሊዮንና ከግብፅ የመጡትን ጨምሮ የእስያና የአፍሪካ ሳይንቲስቶችን አሠልጥነውበታል። መሣሪያው የሚጨምቀው ጋዝ እንጂ ብረት አይደለም፤ ቀስ ብሎ አጠራቅሞ በቅጽበት የመልቀቁ ሕግ ግን ያው ነው።

ጉልበቱ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ታዲያ እኛ እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዳይኖረን ማን ከለከለ? ይህ ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። ዚ በተተኮሰ ቁጥር መሐል አካሉ ይወድማል፤ ለቀጣዩ ሙከራ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይገጠማል። ዋናው ወጪ ይህን ሥራ ሳይታክቱ የሚሠሩ ቴክኒሻኖችን፣ መለዋወጫንና በጀትን ዓመት ከዓመት ማቆየት ነው። አቃቂ የጎደላትም ይኸው ነበር። አባ ሳሙኤል በ1970ዎቹ ሥራ ሲያቆም ወንዞቹ አልደረቁም፤ ማመንጫውን ያስቆሙት ደለልና የጥገና እጦት ናቸው። ወደ ሥራ የተመለሰው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በ2016 ሲሆን፣ ያውም በቻይና እርዳታ ነው። እድሳቱ ተርባይኖቹን አስነስቷል፤ ከላይ የሚወርደውን አፈር፣ የከተማውን ፍሳሽና የማመንጫውን ሐይቅ የሚያለብሰውን እንቦጭ መከላከል ግን የማመንጫው ሠራተኞች ብቻ የሚወጡት አይደለም፤ የወንዞቹ ተፋሰስ አዲስ አበባ ራሷ ናት።