የማኪያቬሊ የማታ ልብስ

ጭምት ሰው በሩን ዘግቶ ከመጻሕፍቱ ጋር የሚያሳልፈውን ምሽት እንደ ኒኮሎ ማኪያቬሊ አሳምሮ የጻፈ አላውቅም። ደብዳቤው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1513 ሮም ለነበረው የፍሎረንስ አምባሳደር፣ ለወዳጁ ለፍራንቼስኮ ቬቶሪ የተጻፈ ነው። ሲመሽ ከንባብ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ጭቃ የነካውን የቀን ልብሱን ያወልቃል፤ ለቤተ መንግሥት የሚመጥን ልብስ ይለብሳል። ከዚያ ገብቶ የጥንት ሰዎችን ያነጋግራል፤ ይጠይቃቸዋል፣ ይመልሱለታል። አራት ሰዓት ሙሉ መሰልቸት የለም፤ ድህነትም ሞትም አያስፈራውም።

ለዓመታት ይህን ቁራጭ የብቸኝነት ውዳሴ አድርጌ አነብበው ነበር። ግራ ያጋባኝ ልብሱ ነው። እኛ ማታ ቤት ስንገባ ዩኒፎርሙን ወይም ሱፉን አውልቀን ጋቢ እንደርባለን። እሱ ለምን ተገላቢጦሹን አደረገ?

ማኪያቬሊ ጭምት አልነበረም። ከ1498 ጀምሮ የፍሎረንስ ሪፐብሊክ ሹም ሆኖ በመልእክተኛነት የነገሥታትን ደጅ የረገጠ፣ ወሬና ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ሜዲቺዎች ወደ ሥልጣን ሲመለሱ በኖቬምበር 1512 ተባረረ። በተከታዩ ፌብሩዋሪ በሴራ ተጠርጥሮ ታሰረ፤ እጆቹን የኋሊት ታስሮ በገመድ እየተንጠለጠለ ተሠቃየ። በማርች ሲፈታ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ሳንታንድሪያ በምትባል መንደር ወዳለው የቤተሰቡ ርስት ሄደ። ጸጥታውን አልመረጠውም።

ብዙዎች የሚዘሉት የደብዳቤው የቀን ክፍል ደግሞ ጫጫታ ነው። ጠዋት ከእንጨት ቆራጮች ጋር ይውላል፤ ከምንጭ ዳር ዳንቴን ወይም ኦቪድን ጥቂት ያነብባል። ከምሳ በኋላ ግን መንገድ ዳር ካለው መጠጥ ቤት ገብቶ ከባለቤቱ፣ ከሥጋ ሻጩና ከወፍጮ ቤቱ ሰው ጋር ካርታ ይጫወታል። ለአንዲት ሳንቲም ይጣላሉ፤ ጩኸታቸው ጎረቤት ከተማ ሳን ካሺያኖ ድረስ ይሰማል ይላል (ማጋነን ያውቅበታል)። ምሽቱ የሚጣፍጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ያን ልብስ ማታ የሚለብሰው፣ ቀን የሚለብስበት ቦታ ስለሌለው ይመስለኛል። በእነዚያ ምሽቶች «ልዑሉ» የተባለችውን ትንሽ መጽሐፍ እየጻፈ ነበር። በዚያው ደብዳቤ ለጁሊያኖ ዴ ሜዲቺ ሊያበረክታት እንደሚያስብ ለቬቶሪ ያማክረዋል፤ መጀመሪያ ድንጋይ በማንከባለልም ቢሆን ሜዲቺዎች ሥራ እንዲሰጡት ይመኛል። የፍሎረንስን ታሪክ እንዲጽፍ ደመወዝ የተቆረጠለት በ1520 ነው።