ፊዚክስ ለብቻ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከአንኮበር እስከ ፕላዝማ

ደብረ ብርሃን ያለ የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። በጸጥታው ችግር ትምህርቱ ሁለት ጊዜ ተቋርጦበታል። «ጋሼ፣ ፊዚክስን ከዜሮ ጀምሬ ለብቻዬ ባጠና ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል?» አለኝ። የእኔ ዲግሪ ከፊዚክስ ጋር አይተዋወቅም። የምወደው ታሪክ ነውና መልሱን እዚያው አጠገቡ፣ አንኮበር ላይ ፈለግሁት።

ሣህለ ሥላሴ የሸዋን መንበር የያዙት እ.ኤ.አ. በ1813 ነው። ለፈረንጅ የእጅ ሥራ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው። በዘመኑ አንኮበርን ያዩ ተጓዦች እንደሚተርኩት፣ አንድ የውጭ ሰው የውሃ ወፍጮ ሠርቶላቸው ነበር፤ ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ስላሉ ግን ብዙም ሳይፈጭ ቆመ። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስ መድፍና ጠመንጃ ገጸ በረከት ይዞ መጣ፤ የወዳጅነትና የንግድ ውልም ተፈረመ። መሣሪያው ገባ፤ ጥይቱ ለምን ያን ያህል እንደሚርቅ የሚያስረዳው ትምህርት ግን አብሮት አልገባም።

በዚያው በ1813 ለንደን ውስጥ ማይክል ፋራዳይ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት በሮያል ኢንስቲትዩሽን የኬሚስቱ የሃምፍሪ ዴቪ ረዳት ሆነ። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፤ እኛ ዘንድ ቢወለድ «ቡዳ» ተብሎ ይገለል ነበር። ፋራዳይ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ሰባት ዓመት መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሲሠራ የሚጠርዘውን እያነበበ ራሱን አስተማረ። በሂሳብ ደካማ ነበር፤ እስከ መጨረሻውም ያ ጎዶሎ አልሞላለትም። ማግኔትን በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል ያሳየው በ1831 ነው። ሰባት ዓመት ከመጽሐፍ ጋር፣ አሥራ ስምንት ዓመት ደግሞ በቤተ ሙከራ መሆኑ ነው። ዛሬ የግድቦቻችን ተርባይኖች መብራት የሚያመነጩት በዚያው ሕግ ነው።

ወደ አንኮበር እንመለስ። በ1879 ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ መጣ። የተማረው በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነው፤ አንስታይንም ከዓመታት በኋላ የተማረው እዚያው ነው። ኢልግ በ1890ዎቹ ከእንጦጦ ሥር ያለ ምንጭ በቧንቧ ወርዶ መልሶ ኮረብታው ላይ ወዳለው የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት እንዲወጣ አደረገ። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ያየው ሁሉ ተደነቀ። ይህ ግን ተአምር ሳይሆን ዛሬ በክፍል የምንማረው የፈሳሽ ግፊት ነው። ኢልግ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሎ ሄደ፤ የምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እሱ ከሄደ በኋላ በ1908 ነው። ቧንቧው ትምህርት ቤቱን ቀደመው ማለት ነው።

ይህ ልማዳችን አልቀረም። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1990ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) መጨረሻ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፊዚክስ የሚያስተምረን በሳተላይት የሚመጣ ቴሌቪዥን ነበር። እንግሊዝኛው ይፈጥናል፤ መብራት ሲጠፋ ክፍለ ጊዜውም አብሮ ይጠፋል። አልገባኝም ቢሉት አይሰማም። መምህራችን የተረፈችውን ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ ነበር። ዕቃው ገባ፣ የሚያርመን ሰው ግን ወደ ዳር ተገፋ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ስክሪን ነው። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው አልልም።

ታዲያ ለልጁ ምን አልኩት? አብረን አሰላን። በሳምንት ሦስት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ብንይዝ ሁለት ሰዓት ነው። በዓመት 35 ሳምንት ቢሆን 70፣ በአራት ዓመት 280 ሰዓት ይሆናል። ለብቻው የሚያጠና ሰው ስለሚሳሳትና ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚሠራ በሦስት እናባዛው፤ 840 ሰዓት። በቀን ሁለት ሰዓት ካጠና 14 ወር ነው። አልጀብራው ካልጠና ደግሞ አስቀድሞ ሦስትና አራት ወር ለሂሳብ ይስጥ። ግምቴ ነው፤ ቢሆንም ዕድሜ ልክ እንደማይፈጅ ያሳያል።

ጊዜው ከዚህ በላይ የሚረዝመው የሚያርም ሰው ሲጠፋ ነው። ፋራዳይም ሰባቱን ዓመት አንብቦ ዴቪ ዘንድ ባይደርስ ኖሮ ጎበዝ ጠራዥ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን የቅኔ ቤት ተማሪ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቅኔውን ለብቻው ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ይታረማል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ፊዚክስም እንዲሁ ነው። በሳምንት የሠራሃቸውን አሥር ጥያቄዎች የሚያይልህ አንድ ሰው ፈልግ አልኩት።

«ከየት አመጣለሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን የምታነቡ መሐንዲሶች፣ የፊዚክስ መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን አላችሁ። ክፍል ለተዘጋበት ለአንድ ልጅ በሳምንት አንድ ምሽት ስጡት። የሠራውን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፤ የተሳሳተበትን አሳዩት።