የሌላውን ሰው ጨለማ ስለ ማወቅ

ልጅ ሳለሁ ዓይኔን በነጠላ አስሬ ከጓዳ እስከ ደጅ ለመሄድ ሞከርሁ። ከምሰሶው ጋር ተጋጨሁና ደነገጥሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይነ ስውር ለነበሩት ጎረቤታችን አብዝቼ አዘንሁላቸው፤ ወደ ገበያ ሲወጡ ባየሁ ቁጥር ሳይጠይቁኝ ክንዳቸውን ይዤ እጎትታቸው ነበር። አንድ ቀን ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ መንገዱን ካንተ ይልቅ እኔ ዐውቀዋለሁ፤ ልቀቀኝ» አሉኝ። በደግነቴ የተናቅሁ መስሎኝ ተቀየምኋቸው። ጥፋቱ የኔ መሆኑ የገባኝ የጆን ሃልን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ ነው።

ጆን ሃል በ1935 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በአውስትራልያ ተወልዶ፣ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ምሁር ነው። ከልጅነቱ የጀመረው የዓይን ሕመም እየጸና ሄዶ፣ በ1983 ገደማ የቀረችው ጭላንጭል ጨርሳ ጠፋችበት። እርሱም የደረሰበትን ለመረዳት ሐሳቡን በካሴት መቅዳት ጀመረ፤ ከዚያም የተገኘው መጽሐፍ በ1990 ታተመ። አንድ ማታ በሩን ከፍቶ ዝናቡን ቢያዳምጥ፣ ጠብታው ጣራውን ከቅጠሉ፣ ቅጠሉን ከመንገዱ በድምፅ ለየለት። ስለዚህ ዝናብ በቤት ውስጥም ቢዘንብ ብሎ ተመኘ።

ሃል በ2015 ዐረፈ። በ2016 ቃሉ ፊልም ሆነ፤ ደግሞም ቨርቹዋል ሪያሊቲ በሚባለው፣ በዓይን ላይ በሚታሰረው መሣሪያ ተሠራ። መሣሪያውን ያጠለቀ ሰው በጨለማ ውስጥ የሃልን ድምፅ ይሰማል፤ ነገሮችም ድምፅ ሲሰጡ ብቻ በሰማያዊ የብርሃን ነጠብጣብ ቅርጻቸው ይታየዋል።

ይሁን እንጂ ዓይንን መሸፈን ብቻውን አያስተምርም። ራስዋ ዓይነ ስውር የሆነችው ተመራማሪ አሪየል ሲልቨርማን ከባልደረቦችዋ ጋር በ2015 ባወጣችው ጥናት፣ ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎች ዓይነ ስውራን ሠርተው ራሳቸውን ችለው ለመኖር ያላቸውን ችሎታ ዝቅ አድርገው ገምተዋል። ምክንያቱም የቀመሱት የመጀመሪያውን ቀን ድንጋጤ እንጂ የብዙ ዓመት ልምድን አይደለም። እኔም በነጠላዬ ያገኘሁት ይህንኑ ነበር። የሃል ሥራ የሚለየው ጨለማውን ብቻ ሳይሆን በጨለማው ውስጥ የኖረውን ሰው ቃል ይዞ በመምጣቱ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የሌላውን ሰው ኑሮ ለመረዳት መፈለግህ መልካም ነው። ነገር ግን ዓይንህን ከመሸፈንህ በፊት ጆሮህን ክፈት፤ ክንዱንም ከመያዝህ በፊት ጠይቀው። እኔ ያን ጊዜ ጎረቤታችንን፣ «አባባ፣ መንገዱን እንዴት ዐወቁት?» ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ፣ ብዙ በተማርሁ ነበር።